የሥጋ ዶሮ መኖ ሲቀላቀል ፋይቴዝንና ማዕድናትን በአንድ ሒሳብ መያዝ

ደብረ ብርሃንና ዙሪያዋ የሥጋ ዶሮ የሚያረቡ ሰዎች መኖ ሲቀላቅሉ በቆሎውንና የአኩሪ አተሩን ፋጉሎ በኪሎ መዝነው፣ የኖራ ድንጋይ ዱቄቱንና ጨውን ግን በጣሳ ሰፍረው ሲበትኑ ደጋግሜ አይቻለሁ። ከአንድ ኩንታል መኖ ውስጥ አራት ኪሎ የማይሞላው የማዕድን ክፍል ጫጩቷ በእግሯ መቆም አለመቆሟን የሚወስን ሲሆን፣ አሁን አሁን ደግሞ በእህሉ ውስጥ የተቆለፈውን ፎስፎረስ የሚፈታው፣ ፋይቴዝ የተባለው ኢንዛይም በዚህ ሒሳብ ላይ ተጨምሯል። ብዙ ሰው ፋይቴዝን እንደ ቫይታሚን ይቆጥረዋል፤ ገዝቶ ይጨምረዋል፣ ሌላውን ሁሉ እንደነበረ ይተወዋል። ይህ አሠራር ገንዘብ ያባክናል፤ የኖራ ድንጋዩ ከበዛ ደግሞ ኢንዛይሙን ያከሽፈዋል። በዚህ ጽሑፍ የማሳየው ኢንዛይሙ፣ ካልሲየሙና ፎስፎረሱ እንዴት አብረው እንደሚመዘኑ ነው።

በእህሉ ውስጥ የተቆለፈው ፎስፎረስ

ተክል ለቡቃያው የሚሆነውን ፎስፎረስ በዘሩ ውስጥ የሚያከማቸው ፋይቴት በተባለ ውሁድ መልክ ነው። በበቆሎ፣ በስንዴ፣ በአኩሪ አተርና በኑግ ውስጥ ካለው ጠቅላላ ፎስፎረስ ከሦስት እጅ ሁለቱ ያህል በዚህ መልክ የተያዘ ሲሆን፣ በፉርሽካ ውስጥ ድርሻው ከዚያም ይበልጣል። ላምና በግ በጨጓራቸው ውስጥ ያሉት ደቂቅ ነፍሳት ፋይቴቱን ስለሚፈቱላቸው ችግር የለባቸውም፤ ዶሮ ግን ለዚህ የሚበቃ ኢንዛይም በሆዷ ስለሌላት አብዛኛው እንደገባ በኩስ ይወጣል። ጉዳቱ በዚህ አያበቃም፤ ፋይቴት በአንጀት ውስጥ ካልሲየምን፣ ዚንክን፣ ብረትንና ማንጋኒዝን ይዞ ያስቀራል፣ ከፕሮቲንም ጋር ይጣበቃል። ስለዚህ በመኖ ከረጢት ላይ «ጠቅላላ ፎስፎረስ» ተብሎ የተጻፈው ቁጥር አያታልልዎት፤ ለዶሮ የሚቆጠረው «ጥቅም ላይ የሚውል ፎስፎረስ» የሚባለው ብቻ ነው።

ፋይቴዝ ይህን ውሁድ የሚፈታ ኢንዛይም ነው። ለመኖ የሚሆነው ፋይቴዝ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1991 በኔዘርላንድ ሲሆን፣ ያን ጊዜ የተፈለገው ከእርባታ የሚወጣው ፎስፎረስ መሬቱንና ውኃውን እንዳይበክል ነበር። እኛ ዘንድ የሚፈለግበት ምክንያት ሌላ ነው፤ ለመኖው ፎስፎረስና ካልሲየም የሚሰጠው ዳይካልሺየም ፎስፌት፣ በገበያው አጠራር ዲሲፒ፣ ውድ ነው። የኢንዛይሙ ጉልበት የሚለካው ኤፍቲዩ በተባለ መለኪያ ነው፤ ለሥጋ ዶሮ የተለመደው መጠን በአንድ ኪሎ መኖ 500 ኤፍቲዩ ሲሆን፣ በዚህ መጠን በትክክል ከተደባለቀ ከመኖው ክብደት 0.12 በመቶ የሚያህል ፎስፎረስና ወደ 0.1 በመቶ የሚጠጋ ካልሲየም ይፈታል። ይህ ግን የሚሆነው በመኖው ውስጥ የሚፈታ ፋይቴት ሲኖር ብቻ ነው። ኢንዛይሙ ከእህሉ ውስጥ ያለውን ያወጣል እንጂ ማዕድን ከየትም አያመጣም።

ኢንዛይሙ ፕሮቲን ስለሆነ ሙቀት አይወድም። መኖውን በማሽን ጨፍልቀው ፍሬ የሚያደርጉ ፋብሪካዎች ሙቀቱ ከ70 ዲግሪ ሲያልፍ ኢንዛይሙ እንዳይሞት በልዩ ሽፋን የተጠቀለለውን ይመርጣሉ። ቤት ውስጥ በዱቄት መልክ ለሚቀላቅል ሰው ይህ አያሳስበውም፤ ነገር ግን አኩሪ አተሩን ራሱ የሚቆላ ሰው፣ ከተቆላና ከተፈጨ በኋላ በእጅ ሲነካ ቀዝቃዛ እስኪሆን ሳይጠብቅ ፋይቴዝ እንዳይጨምር።

የኖራ ድንጋይ ሲበዛ ምን ይሆናል

ፋይቴዝ ሥራውን የሚሠራው ምግቡ ወደ አንጀት ከመድረሱ በፊት፣ አሲድ ባለበት የላይኛው የሆድ ክፍል ነው። የኖራ ድንጋይ ዱቄት አሲዱን ያረክሰዋል፤ ካልሲየሙም ከፋይቴቱ ጋር ተያይዞ የማይሟሟ ዝቃጭ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ኢንዛይሙ ቢኖርም የሚነካው አያገኝም። «ካልሲየም አጥንት ያጠነክራል» ብሎ አንድ ጣሳ የሚጨምር ሰው በዚያው እጁ ፎስፎረሱን እየነሣ ነው፤ አጥንት ደግሞ ሁለቱን ካላገኘ አይጠነክርም። ከዚህ የከፋው የእንቁላል ጣይ መኖ ለሥጋ ጫጩት መስጠት ነው። የጣይ መኖ ከ3.5 እስከ 4 በመቶ ካልሲየም ስለሚይዝ የጫጩቷን ኩላሊት ይጎዳል፤ የሞተችውን ከፍተው ሲያዩ ኩላሊቷና ልቧ ላይ ጠመኔ የመሰለ ነጭ ነገር ተለጥፎ ያገኛሉ።

በቁጥር እንያዘው። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ካውንስል እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው ሠንጠረዥ መሠረት የሥጋ ዶሮ እስከ ሦስት ሳምንት ዕድሜዋ 1 በመቶ ካልሲየምና 0.45 በመቶ ጥቅም ላይ የሚውል ፎስፎረስ፣ ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ደግሞ 0.9 በመቶ ካልሲየምና 0.35 በመቶ ፎስፎረስ ያስፈልጋታል። ካልሲየሙ ከፎስፎረሱ ሁለት እጥፍ ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ነው ብለው ቢይዙት አይሳሳቱም።

አንድ ኩንታል ላይ ሲሰላ

በቆሎና የአኩሪ አተር ፋጉሎ ዋናው የሆነበት፣ ጥቂት የኑግ ፋጉሎና ፉርሽካ ያለበት፣ ለሁለተኛው ደረጃ፣ ማለትም ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት፣ የሚሆን 100 ኪሎ መኖ እንውሰድ። ያለ ኢንዛይም ከሆነ 1 ኪሎ ከ500 ግራም ዲሲፒ፣ 1 ኪሎ ከ200 ግራም የኖራ ድንጋይ ዱቄትና 300 ግራም ጨው ይገባበታል። ደህና ዲሲፒ 18 በመቶ ፎስፎረስና 23 በመቶ ያህል ካልሲየም አለው፤ የኖራ ድንጋይ 38 በመቶ ያህል ካልሲየም አለው። ከዲሲፒው 270 ግራም ፎስፎረስ፣ ከሁለቱም ተደምሮ 800 ግራም ያህል ካልሲየም ይገኛል፤ ከጥራጥሬው የሚመጣው ሲታከልበት ካልሲየሙ ወደ 0.9፣ ጥቅም ላይ የሚውለው ፎስፎረስ ወደ 0.4 በመቶ ይደርሳል።

አሁን ፋይቴዝ ይግባ። በማሸጊያው ላይ በግራም 5,000 ኤፍቲዩ ተብሎ ከተጻፈ፣ ለ100 ኪሎ የሚያስፈልገው 50,000 ኤፍቲዩ ስለሆነ 10 ግራም ይበቃል፤ 10,000 ተብሎ ከተጻፈ 5 ግራም ነው። የሁለቱን ማሸጊያዎች ልዩነት ሳያነቡ «ባለፈው የጨመርኩትን ያህል» ማለት ወይ እጥፍ ወይ ግማሽ መጨመር ነው። ኢንዛይሙ የሚፈታው 120 ግራም ፎስፎረስ በዲሲፒ ሲተመን 660 ግራም ያህል ስለሚሆን፣ በወረቀት ላይ ይህን ሁሉ መቀነስ ይቻላል። እኔ ግን በአካፋ ለሚቀላቅል ሰው ከ500 ግራም በላይ እንዲቀንስ አልመክርም፤ ቅልቅሉ እንደ ፋብሪካ እኩል አይዳረስም፣ ኢንዛይሙም መደርደሪያ ላይ ምን ያህል እንደቆየ አይታወቅም። ስለዚህ ዲሲፒውን ወደ 1 ኪሎ ያውርዱ፣ የኖራ ድንጋዩን ባለበት 1 ኪሎ ከ200 ላይ ይተዉት። ከዲሲፒው ጋር የቀነሰው 115 ግራም ካልሲየም ኢንዛይሙ በሚፈታው ስለሚተካ የኖራ ድንጋይ አይጨመርም። ስሕተቱ ብዙ ጊዜ የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው፤ ሰዉ ዲሲፒ ሲቀንስ ቦታውን በኖራ ድንጋይ መሙላት ይወዳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ይግባ። ኮንሰንትሬት የሚባለውን፣ በኩንታል አምስት ኪሎና ከዚያ በላይ የሚገባውን ቅልቅል የሚጠቀም ሰው ዲሲፒው፣ ጨውና ብዙ ጊዜም ፋይቴዙ በውስጡ ሊኖር ስለሚችል ጽሑፉን አንብቦ ያለውን መድገም የለበትም።

ዲሲፒ ሲገዛ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለፋሲካ ገበያ ብዬ ያስገባኋቸው ጫጩቶች በ18ኛው ቀን ጠዋት ሞቅ ባለው ጥግ ተሰብስበው በቅልጥማቸው መጋጠሚያ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። መኖውን ሳፈስ ከፊሎቹ ክንፋቸውን ዘርግተው እየተንፏቀቁ መጡ። አንዷን አንሥቼ ምንቃሯን በአውራ ጣቴ ስጫነው እንደ ጎማ ተጣመመ። መጀመሪያ በሽታ መስሎኝ አንቲባዮቲክ በውኃ ሰጠሁ፤ ሁለት ቀን በከንቱ አለፈ። በኋላ የሞተችውን ወስጄ ያሳየኋቸው የእንስሳት ሐኪም የቅልጥሟን አጥንት በሁለት እጃቸው ያዙት፤ ቀጭ ማለት የሚገባው አጥንት ሳይሰበር ለመጥ አለ። «የምትሰጣቸው ዲሲፒ አለ? እስቲ አምጣው» አሉኝ። ዱቄቱን ማንኪያ ላይ አድርገው ኮምጣጤ ጠብ ሲያደርጉበት እንደ ለስላሳ መጠጥ አረፋ ደፈቀ። ከአንድ መደብር በዲሲፒ ስም የገዛሁት አብዛኛው የኖራ ድንጋይ ነበር።

ይህ ምርመራ ማንም ሰው ቤቱ የሚሠራው ነው። የኖራ ድንጋይ ካርቦኔት ስለሆነ ኮምጣጤ ወይም የሎሚ ጭማቂ ሲነካው ወዲያው ይፈላል፤ ዲሲፒ ግን ዝም ይላል፣ ቢበዛ ጥቂት አረፋ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። የሚያስገመግም ከሆነ አይግዙት። በተቃራኒው የኖራ ድንጋይ ዱቄት ብለው የሚገዙት መፍላት አለበት፤ በብዙ ኮምጣጤ አፍልተውት ከሥር የሚቀረው አሸዋና አፈር ከሆነ ዶሮዎችዎን ድንጋይ እያበሏቸው ነው። ለግድግዳ የሚቀባው፣ ተቃጥሎ ውኃ የተረጨበት ኖራ ከዚህ የተለየ ነገር ነው፤ አፍና አንጀት ስለሚያቃጥል ወደ መኖ አይገባም። ማግኒዚየም የበዛበት የኖራ ድንጋይም ኩሱን ያቀጥነዋል፤ ሻጩን ከየት እንደመጣ መጠየቅ አያሳፍርም።

ዲሲፒ በጠፋ ጊዜ አጥንት ይጠቅማል። ከሥጋ ቤት የተለቀመ አጥንት እስኪነጣ ተቃጥሎ፣ ተወቅጦና ተነፍቶ ሲዘጋጅ ካልሲየምና ፎስፎረስ ሁለት ለአንድ ያህል ይዟል። ጠቁሮ የቀረ አጥንት ግን አልበቃውምና ወደ እሳቱ ይመለስ። የእንቁላል ቅርፊት ካልሲየም እንጂ ፎስፎረስ የለውም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ የኖራ ድንጋይ ምትክ እንጂ የዲሲፒ ምትክ አይደለም።

ገብስ ለሚጨምር ሰው

የባሶና ወራና፣ የአንጎለላና የመንዝ አርሶ አደር ገብስ እጁ ላይ ስላለ በቆሎ ሲወደድ ዓይኑ ወደ ጎተራው መሄዱ አይቀርም። ገብስ ቤታ ግሉካን የተባለ፣ በሆድ ውስጥ ውኃ ይዞ እንደ ተልባ የሚዝለገለግ ንጥረ ነገር አለው። ጫጩቷ ገብስ በብዛት ስትበላ ኩሷ ይጣበቃል፣ ቂጧ ላይ ደርቆ ይቀራል፣ ጉዝጓዙ ይረጥባል፣ ከዚያም የእግሯ መዳፍ ይቆስላል። ስንዴም አራቢኖዛይላን የተባለ ተመሳሳይ ጠባይ ያለው ነገር ይዟል። ፋይቴዝ እነዚህን አይነካም፤ ለገብስ ቤታ ግሉካኔዝ፣ ለስንዴ ዛይላኔዝ ያስፈልጋል፤ ብዙውን ጊዜ ሁለቱ በአንድ ማሸጊያ ተቀላቅለው ይሸጣሉ። የእነዚህ መለኪያ ከአምራች አምራች ስለሚለያይ እንደ ፋይቴዙ አንድ ቁጥር መስጠት አይቻልም፤ ማሸጊያው በቶን የሚለውን ለኩንታል ሲያደርጉ ለ10 ያካፍሉት።

ኢንዛይሙ ቢኖርም እስከ ሦስት ሳምንት ድረስ ገብስ አልሰጥም፤ ከዚያ በኋላም በኩንታል ከ15 ኪሎ አላስበልጥም። በቆላው፣ በቀወትና በሸዋ ሮቢት በኩል ያለው ማሽላ እንዲህ ያለ ዝልግልግ ነገር ስለሌለው ለእርሱ ብሎ ዛይላኔዝ መግዛት ትርፉ ወጪ ነው፤ በማሽላ የሚፈራው ታኒን የተባለ መራራ ነገር ስለሆነ ወፍ የማይደፍረውን መራራ ቀይ ማሽላ ይተዉና ነጩን ይምረጡ። የቢራ ፋብሪካ አተላም ሆነ የጠላ አተላ ለወተት ላም እንጂ ለሥጋ ጫጩት አይሆንም፤ ቃጫው ብዙ ነው፣ ውኃውም በቶሎ ያሻግተዋል።

አሥር ግራም ከመቶ ኪሎ ጋር ሲገናኝ

ዶሮ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች በቀን የምትበላው በእጅ መዳፍ የሚያዝ መኖ ነው፤ በዚያች እፍኝ ውስጥ ድርሻዋ ከሌለ ኢንዛይሙ ለእርሷ አልተገዛም። ስለዚህ አቀላቀሉ ከመጠኑ ያላነሰ ዋጋ አለው። በመጀመሪያ ግራም የሚለይ ሚዛን ያስፈልጋል፤ የወጥ ቤቷ ትንሽ ሚዛን ትበቃለች፤ የእህል ሚዛን ግን ለዚህ አይሆንም። ዲሲፒውን፣ የኖራ ድንጋዩንና ጨውን በተለያየ ዕቃ መዝነው ያስቀምጡ፤ የጓጎለ ጨው ካለ ተወቅጦ ይነፋ።

ከዚያም አንድ ኪሎ ልም የበቆሎ ዱቄት በሳህን ወስደው 10 ግራሙን ፋይቴዝና የታዘዘውን ፕሪሚክስ (ቫይታሚንና ጥቃቅን ማዕድናት ተቀላቅለው የሚሸጡበትን ዱቄት) በደረቅ እጅ ወይም በማንኪያ ያሹት። ይህን ወደ አምስት ኪሎ ዱቄት ይጨምሩና ዲሲፒውን፣ ኖራ ድንጋዩንና ጨውን እዚያው ያስገቡ። አምስቱን ኪሎ ወደ ሃያ ኪሎ ያሳድጉ፤ በመጨረሻ ሃያውን ኪሎ በሸራ ላይ ከተዘረጋው ከቀረው እህል ላይ እየዞሩ ይበትኑ። ክምሩን በአካፋ ከአንድ ጎን ወደ ሌላው ጎን ሲያዞሩ ሁልጊዜ ከግርጌ ዝቀው አናቱ ላይ ያፍስሱ፤ ስድስት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ካልተገላበጠ አልተቀላቀለም። ዘይት ካለ የሚገባው ከሁሉ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከገባ ማዕድኑ ጉብ ጉብ ይሠራል። መቀላቀሉን ለማየት ከሦስት ቦታ እፍኝ እፍኝ ወስደው በጥቁር ላስቲክ ላይ ይዘርጉት፤ ነጩ ነጥብ በአንዱ በዝቶ በሌላው ካነሰ ደግመው ያገላብጡ።

የተቀላቀለው መኖ በሦስት ሳምንት ውስጥ ማለቅ አለበት። የተከፈተው የፋይቴዝ ማሸጊያ ታስሮ በቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ይቀመጥ፤ እዚህ ደጋው ላይ ብርዱ ራሱ ጓዳውን ስለሚያቀዘቅዘው ችግሩ ክረምት የሚገባው እርጥበት ብቻ ነው።

ጨው፦ በደጋና በቆላ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ በፍጥነት የሚያድጉት እንደ ኮብ 500 እና ሮስ 308 ያሉ ዝርያዎች ልብና ሳንባቸው ይጨናነቃል፤ ሆዳቸው ውኃ ይቋጥርና አናታቸው ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ጠቁሮ ይሞታሉ። የጨው መብዛት ይህን ያባብሰዋል፤ ስለዚህ በደጋው በኩንታል ከ300 ግራም አይለፉ፤ የዓሣ ዱቄት የገባበት መኖ ከሆነ እርሱም ጨው እንዳለው ይቁጠሩ። ቤቱ ካልሞቀ ደግሞ ጨው መቀነስ ብቻውን አያድንም፤ ብርድ ልብን እንደሚያደክም የታወቀ ነው።

ከጣርማ በር ቁልቁል ወርደው ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ዶሮዎቹ ከሙቀቱ የተነሣ አፋቸውን ከፍተው ስለሚያለከልኩ የደማቸው ሚዛን ይዛባል። በሞቃቱ ወራት ጨውን ወደ 200 ግራም አውርደው 150 ግራም የመጋገሪያ ሶዳ ቢጨምሩበት ሶዲየሙ በነበረበት ይቆያል፣ ክሎራይዱ ይቀንሳል፣ ትንፋሻቸውም ይቀላል። ለደጋው የተጻፈውን ቅልቅል በቆላው እንዳለ መጠቀም፣ ወይም በተቃራኒው፣ ተገቢ አይደለም።

በግራም እንኳ የማይመዘኑት ማዕድናት

ዚንክ፣ ማንጋኒዝ፣ ብረት፣ መዳብ፣ አዮዲንና ሴሌኒየም ለየብቻ ገዝቶ መቀላቀል አደገኛ ነው፤ በተለይ ሴሌኒየም ትንሽ ሲበዛ መርዝ ስለሆነ በፕሪሚክስ ብቻ ይግባ። ምልክታቸውን ማወቅ ግን ይጠቅማል። የማንጋኒዝ እጥረት ያለባት ጫጩት የተረከዟ ጅማት ከቦታው ሸርተት ብሎ አንድ እግሯ ወደ ጎን ይወጣል፤ አጥንቷ ግን ጠንካራ ነው፤ ፎስፎረስ ያነሳት ደግሞ አጥንቷ ለስላሳ ነው። የዚንክ እጥረት ላባውን ያጎሳቁለዋል። ቀኑ ያለፈበት ፕሪሚክስ ቫይታሚን ዲ3 አነስ ይልበታል፤ ያለ ዲ3 ካልሲየሙ ከአንጀት አይነሣም፤ ስለዚህ ዲሲፒው ንጹሕ ሆኖ ምንቃር ከለሰለሰ ቀጥሎ የሚታየው የፕሪሚክሱ ቀን ነው።

ዲሲፒ ቀንሰው ፋይቴዝ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክሩ ከሆነ ጫጩቶቹን በሙሉ በአዲሱ መኖ ላይ አያስገቡ። አንዱን ክፍል በድሮው፣ ሌላውን በአዲሱ ይመግቡ፤ በየሳምንቱ ከየክፍሉ አሥር አሥር ጫጩት መዝነው በደብተር ይጻፉ። በሦስተኛው ሳምንት ከየክፍሉ አንዷን ዐርደው ቅልጥሟን ይስበሩ፤ ሁለቱም እኩል ቀጭ ካሉ በሚቀጥለው ዙር ሁሉንም ወደ አዲሱ ያዛውሩ። የአዲሱ ለመጥ ካለ ዲሲፒውን 200 ግራም መልሰው ይጨምሩ፤ የኖራ ድንጋዩን ግን አይንኩት።